ምንም ያልታሰረበት ብረት

ባሏን ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» ነበር የሚለው። መካኒክ ነው። የመኪና ኮፈን ከመክፈቱ በፊት ሞተሩን ያስነሳና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ከዚያ «ካንዴላዋ ናት» ወይም «ቺንጊያው ላልቷል» ይላል፤ ሲከፈትም እንዳለው ይገኛል። ሚስቱ ግን በዚህ ቅጽል ስሙ ትቀልድበት ነበር።

«የሰው መኪና ስታስል ከመንደር ማዶ ይሰማዋል፤ እኔ ጓዳ ሆኜ ስጠራው ግን ድፍን ነው።»

«አንቺ እኮ ተበላሽተሽ አታውቂም፤ ምንሽን ላዳምጥ?» ይላታል እሱም።

እሷ ሰፊ ናት። ከሌሎች ሴቶች ጋር በአንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ልጅ አልወለዱም። ልጅ ካሉ ልጃቸው የባሏ ታናሽ ወንድም ነበር። ስታገባ ታናሹ ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም፤ እናቱ ሞታ፣ ወንድሙ እጅ ላይ ወድቆ ነው ያገኘችው። ፀጉሩን አበጥራ፣ አፍንጫውን ጠርጋ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ቆልፋ ትምህርት ቤት የምትሰደው እሷ ነበረች። ወንድሙን «ጋሼ»፣ እሷን «እትዬ» እያለ አደገ። ትምህርቱ ብዙ አልገፋለትም፤ መሪ መጨበጥ ግን ተሳካለት።

ጆሮ አንድ ባለቤቷ ተስፋ የቆረጠባት አሮጌ ፒካፕ ገዝቶ ነበር። አጥንቷ ብቻ የቀረ መኪና ነበረች። እሁድ እሁድ እየነካካ ነፍስ ዘራባትና ለታናሹ ሰጠው። ታናሹ ሲሚንቶ ይጭናል፣ ቤት የሚቀይሩ ሰዎችን አልጋና ቁም ሣጥን ያመላልሳል፤ ማታ ማታ ግቢያቸው ውስጥ አቁሟት፣ እትዬ ያቀረበችለትን በልቶ ወደ ኪራይ ቤቱ ይሄዳል። ዕድሜው ሄዶ ሄዶ በመጨረሻ አንዲት ልጅ ወዶ፣ የልጅቱ አባትም እሺ ብለውት፣ ሰርጉን ይጠባበቅ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ጆሮ ጋራዡ ውስጥ የአንድ ታክሲ ሞተር እያዳመጠ ነበር። አንገቱን እንደ ልማዱ ዘንበል አደረገ። እንዳዘነበለም ቀረ። ባለታክሲው ምርመራው የረዘመ መስሎት አጠገቡ ዝም ብሎ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ጆሮ በጎኑ ተዘርግቶ መከላከያው ላይ ሲወድቅ ነው «ኧረ ሰው!» ብሎ የጮኸው።

ከሆስፒታል ሲመለስ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ የሌላ ሰው ሆነው ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን አፉ ነው። ውሃ ሲፈልግ «ቤንዚን» ይላል፤ ትራሱን «ጎማ» ይለዋል። መጀመሪያ ላይ እሷም እሱም ይስቁ ነበር። አንድ ቀን ጠያቂዎች ተሰብስበው ሳለ ሚስቱን «ይቺ መዶሻ» ብሎ ሲጠራት አንዱ ጎረምሳ ፈርቶ ፈርቶ ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ወዲህ ጆሮ አፉን ዘጋ። ሲርበው እንኳ በጣቱ ነበር የሚያመለክተው።

ወጌሻ በሏት ሐኪም፣ እጁን የምታንቀሳቅስለት አንዲት ወጣት ባለሙያ ጤና ጣቢያው ውስጥ ነበረች። ሰፊዋ ኮሪደሩ ላይ ያዘቻትና፣ «ልጄ፣ ቃሉ ሁሉ ጠፋበት ማለት ነው?» አለቻት።

«አልጠፋም እናቴ። ቦታ ቦታው ነው የተዘበራረቀው። ዝም አይበል። በደንብ የሚያውቀውን ዕቃ በእጁ ያስነኩትና ስሙን ይጠይቁት። በየቀኑ።»

ሰፊዋ ማንኪያ አመጣች፤ ፊቱን አዞረ። ብርጭቆ አመጣች፤ ዓይኑን ጨፈነ። እንደ ሕፃን መያዙ አንገብግቦት ነው። በደንብ የሚያውቀው ነገር ምን እንደሆነ የገባት ግቢው ውስጥ ልብስ ስታሰጣ ነው። ፒካፗ ፊት ለፊቷ ቆማ ነበር።

በማግስቱ ዱካ አውጥታ፣ ባሏን ደግፋ አስቀምጣ፣ ኮፈኑን ከፍታ በዘንጉ ደገፈችው። የጆሮ ፊት ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በራ። እሷ አንዱን ዕቃ በጣቷ ነካችና «ይሄ ማነው?» አለችው።

ብዙ ታገለ። «ሻይ» አለ።

ሻይ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ምን እንደሆነ ግን እሷም አታውቅም። ማታ ታናሹ ሲመጣ እጁን ይዛ ወደ ፒካፗ ወሰደችው። «ና አስተምረኝ። አስተማሪዋ ደንቆሮ ሆና ተማሪው ምን ይሁን?»

ታናሹ ሳቀ፤ ግን ከልቡ አስተማራት። «ሞተሩ ላይ ተሰክተው ሽቦ የተቀጠለላቸው እነዚህ ትናንሾቹ ሴንሰር ይባላሉ፣ እትዬ። ወሬ አቀባዮች በያቸው። ይቺ ውሃው ምን ያህል እንደሞቀ ትናገራለች። ይቺ ታች ያለችው ዘይቱ መግፋቱን። ይቺ የሚገባውን አየር ትለካለች። እዚያ ማርሚታው ቧንቧ ላይ ያለችው ደግሞ ጭሱን እያሸተተች ታሳብቃለች።»

«የእኛን ሰፈር ሴቶች በለኛ!»

«ከእነሱስ ይሻላሉ፤ እነዚህ ያላዩትን አያወሩም።» ከዚያ ከሞተሩ ጎን ወጣ ብሎ የሚታየውን የታጠፈ ወፍራም ብረት መታ መታ አደረገ። ቡሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ የተሸከመው ነገር ግን የለም። «እንዲህ ያሉትን ብራኬት እንላቸዋለን፤ ዕቃ የሚታሰርባቸው ናቸው። አንዳንዶቹ እንዲህ ባዷቸውን ነው የመጡት። እለፊያቸው።»

እንዳይምታታባት ሰፊዋ ከሱቅ ቁራጭ ክር አምጥታ በየሴንሰሩ ሽቦ ላይ አሰረች፤ ለውሃው ሙቀት ቀይ፣ ለዘይቱ ቢጫ፣ ለአየሩ ሰማያዊ። ለማርሚታዋ ክሩ እንዳይቃጠል ከሽቦው ራቅ አድርጋ ጥቁር ቋጠረችለት። ባዶዎቹ ብረቶች ላይ ምንም አላሰረችም።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ቀጠለ። ጠዋት ወደ ሱቅ ከመሄዷ በፊት፣ ታናሹም መኪናዋን ይዞ ከመውጣቱ በፊት ሦስቱ ኮፈኑ ስር ይሰበሰባሉ። ጆሮ በግራ እጁ ይነካል፣ ያላበዋል፣ ይሳሳታል፣ ይናደዳል። አንድ ቀን ቀይ ክር ያለባትን ይዞ ቆየና፣ «ሙቀት» አለ። ቀጥሎ፣ «የውሃ ሙቀት።» ሰፊዋ ግራሶ የነካውን እጁን እንዳለ ሳመችው፤ አፏም አፍንጫዋም ጠቆረ። ታናሹ፣ «ጋሼ ሠራ! ተነሣ!» እያለ በግቢው ዘለለ። የተበላሸ ሞተር የተነሣ እንጂ ሰው ያወራ አይመስልም ነበር።

ደስታው አልከረመም።

አንድ ጠዋት የጆሮ እጅ ከዘይቱ ሴንሰር አለፈና ባዶው ብራኬት ላይ አረፈ። ዳሰሰው። ጣቱን በቀዳዳው ሰደደ። አጎንብሶ አየው፤ ግንባሩ ተቋጠረ። ከዚያም ከታመመ ጀምሮ ያልተሰማ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከአፉ ወጣ።

«ይሄ የት አለ?»

ሰፊዋ በአነጋገሩ ደስታ ሰክራ ጥያቄውን ልብ አላለችም። ታናሹ ግን ጠጋ ብሎ፣ «ባዶ ነው ጋሼ። ስትገዛትም ምንም አልነበረበትም፤ አንተው ታውቃለህ» አለው።

ጆሮ ወንድሙን ቀና ብሎ አየው። «ሌባ» አለ።

ስንት ቀን የታገሉለት ቃል ሁሉ እየተንተባተበ፣ እየተቆረሰ ነበር የሚወጣው፤ ይሄኛው ግን ጥርት ብሎ ወጣ።

መጀመሪያ በሽታው ነው ብለው አለፉት። ጆሮ ግን አላለፈውም። ታናሹ የግቢውን በር በከፈተ ቁጥር «ሌባ!» ይለዋል። መኪናዋን ሲያስነሣ «ሌባ!» ሳህን ሲቀርብለት «ሌባ!» ሌላው ቃል ጨርሶ ሸሸ፤ ሙቀቱም ዘይቱም ጠፋ፤ ይሄ ብቻ እንደ ቡሎን ጠብቆ ቀረ። አጥሩ ቆርቆሮ ነው፤ ጎረቤት ይሰማል። ሰው ደግሞ እንዲህ ብሎ ማሰብ ጀመረ፦ ጆሮ በሌላው ነገር ይሳሳት ይሆናል፤ ሞተር ላይ ግን ተሳስቶ ያውቃል? ወሬው ዞሮ ዞሮ የልጅቱ አባት ቤት ደረሰ። ሰውየው ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ «ልጃችን ትንሽ ትቆይ» ብቻ አሉ። ምን ማለት እንደሆነ ግን ታናሹም ሰፈሩም ገብቶታል።

ታናሹ መምጣቱን አላቆመም። ጠዋት መጥቶ ወንድሙን ያጥባል፤ «ሌባ» እየተባለ ጀርባውን ያሸዋል፣ «ሌባ» እየተባለ ካልሲውን ያለብሰዋል። አንዳንዴ ብቻ ውኃ ልድፋ ብሎ ከቤቱ ጀርባ ሄዶ ይቆያል።

ሱቅ ውስጥ ደግሞ ከሰፊዋ ጎን ባለው የስፌት መኪና ላይ የምትሠራው ሴት አንድ ቀን ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች፣ «እኔማ ምን አገባኝ፤ ግን በሽተኛ ምን ብሎ ይዋሻል?» አለች። ሰፊዋ በዚያን ጊዜ ተቆጣቻት። ቤቷ ስትደርስ ግን ነገሩ ሆዷ ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ ነበር። ታናሹ በቅርቡ አዲስ ጫማ መግዛቱ ትዝ አላት። ባለፈው አምሽቶ የመጣው ለምን ነበር? ያን ጊዜስ «እለፊያቸው» ብሎ የቸኮለው? ያሳደገችውን ልጅ ከእግር እስከ ራሱ እንደ ባዳ ማየት ጀመረች። እንዲህ በማሰቧ ራሷን ጠላች፤ ማሰቡን ግን አልተወችም።

አንድ ቀን ምሳ አቀረበችለትና አጠገቡ ተቀመጠች። «እስቲ ንገረኝ» አለችው። «ቸግሮህም ከሆነ፣ ለሰርጉም ብለህ ከሆነ አልቆጣህም። ያቺን ዕቃ… ብቻ እውነቱን ንገረኝ።»

ታናሹ የያዘውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰው። «አንቺም?» አለ።

«ምን አልኩህ? ጠየቅሁ እንጂ።»

«አንቺም፣ እትዬ?»

ተነሣ። እጁን ታጠበ፤ አደራረቀ። የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ሰቀለውና ወጣ። ሰፊዋ የግቢው በር እንደ ወትሮው እንዲንኳኳ በማግስቱ ጠበቀች፤ አልተንኳኳም። በሣልስቱም አልተንኳኳም።

ከከተማው ዳር አሮጌ መኪና እየፈታ የሚሸጥ ሰው አለ። መኪና እሱ ግቢ ከገባ አይወጣምና «ቀባሪው» ይሉታል። ጆሮ ከጥንት ጀምሮ ዕቃ የሚገዛው ከእሱ ነበር። ሰፊዋ ከሱቅ አስፈቅዳ ወደዚያ ሄደች። በዝገትና በተሰበረ መስተዋት መሃል እያሳለፈ፣ ከእነሱ ፒካፕ ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ፣ ጎማቸው የወለቀ መኪኖች ዘንድ ወሰዳት። ኮፈኖቹን ገለጠላት። በአንዱም በሌላውም ያው የታጠፈ ብረት አለ፤ በአንዱም በሌላውም ባዶ ነው።

«ምን ነበረበት?» አለችው።

«ምንም። ፋብሪካው ብረቱን ለሁሉም አንድ አድርጎ ይሠራዋል፣ እህቴ። ማቀዝቀዣ ያላት መኪና ከሆነች ኮምፕሬሰሩ እዚህ ይታሰራል። ማቀዝቀዣ ለሌላት ብረቱ ባዶውን ይሄዳል። ነይ እዪ፤ ቡሎን ገብቶበት ቢያውቅ ቀለሙ ተልጦ ጥርሱ ይታይ ነበር። ይኸው ቀለሙ እንዳለ አለ።»

ቤቷ ሮጣ ተመለሰች። የራሳቸውን ፒካፕ ኮፈን ከፍታ ቀዳዳውን በጨርቅ ጠርጋ አየችው። ቀለሙ እንዳለ አለ። ማንም፣ መቼም፣ ምንም አስሮበት አያውቅም። ከግቢዋ ሳትወጣ፣ ሰው ሳትጠይቅ፣ በአንድ ብጣሽ ጨርቅ ልታየው ትችል ነበር። ጨርቁን እንደያዘች መከላከያው ላይ ተቀመጠች።

የታናሹ ኪራይ ቤት ስትደርስ አከራይዋ፣ «ሄደ እኮ» አሉ። ሩቅ ከተማ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። በስልክ አገኘችው። ያየችውን ሁሉ ነገረችው፤ እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀችው።

«እኔ እኮ ድሮም አውቀዋለሁ» አላት። «ጋሼ ታሟል፤ በሱ አልፈርድም።» ስለሷ ምንም አላለም።

ባሏን ቀዳዳውን ብታሳየው፣ ቀለሙን ብታስነካው ፊቱን እያዞረ «ሌባ» ከማለት አልተመለሰም። ቀባሪው ይህን ሲሰማ፣ «አንዱን ብቻ ስላየ ነው የጎደለ የሚመስለው። ብዙውን ይይ። እኔው መጥቼ እወስደዋለሁ» አለ። እንዳለውም መጥቶ፣ ጆሮን በገዛ ፒካፑ ጭኖ ግቢው ወሰደው።

ጆሮን ከሞቱት መኪኖች ፊት በወንበር አስቀመጡት። ሰፊዋ ግራ እጁን ይዛ ባዶው ብረት ላይ አኖረችው። ጣቱን በቀዳዳው ከተተ። ወደ ሁለተኛዋ እንዲያዞሩት በአገጩ አመለከተ፤ እሷንም ዳሰሰ። ጭራሽ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ዳሰሰ። ዓይኑን ሲገልጠው እንባ ሞልቶት ነበር።

«አልነበረም» አለ።

«አዎ የኔ ጌታ፤ አልነበረም» አለች ሰፊዋ።

ጆሮ በግራ እጁ ጆሮው ላይ ስልክ እንደሚያስጠጋ ሰው አደረገ። ገባት። ለታናሹ ደወለች። «ጋሼ ሊያናግርህ ይፈልጋል፤ ገብቶታል፣ ሁሉም ገብቶታል!» ብላ ስልኩን ባሏ አፍ ላይ አስጠጋችው።

ጆሮ ትንፋሹን ሳበ። ከንፈሩ ተጣመመ፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። ምን ሊል እንደፈለገ ቀባሪውም ሰፊዋም ከፊቱ ያነቡት ነበር።

«ሌባ» አለ።

ራሱ ደነገጠ። ራሱን ነቀነቀ፤ እንደገና ሞከረ። «ሌባ። ሌባ…» በደኅና እጁ የገዛ አፉን በጥፊ መታው። ደገመው። ቀባሪው እጁን ባይይዘው ከንፈሩን ያደማው ነበር። ሰፊዋ ስልኩን ነጥቃ፣ «እንደሱ ማለቱ አይደለም! ስማኝ!» ብትል ታናሹ ዘግቶታል። ደጋግማ ደወለች፤ አላነሣም።

ጆሮ ከዚያ ቀን በኋላ «ሌባ» የሚለውን ቃል አልተናገረም። ምንም ነገር አልተናገረም። በማግስቱ ጠዋት ሰፊዋ ልታነሣው ብትገባ ሌላኛው ጎኑም አልታዘዝ ብሎት አገኘችው። ሆስፒታል ወስደውት ብዙ አልቆየም፤ አረፈ።

ታናሹ የመጣው ሬሳው ከቤት ሳይወጣ ነው። ያለ ንግግር ገብቶ፣ የወንድሙን ሳጥን ከራስጌው በኩል ተሸክሞ፣ ለማንም ሳያስለውጥ መቃብር አደረሰው። አላለቀሰም። ከቀብር መልስ ሰው ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ቀባሪው ጎኑ ሄዶ ተቀመጠ። «በስሜ አትሳቅ፤ ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ነው የመጣሁት» አለው። «ያን ቀን እዚያው ነበርኩ። ሊልህ የፈለገው ያንን አልነበረም። ቃሉ እምቢ ሲለው የራሱን አፍ ሲመታ በዓይኔ አይቻለሁ። እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ታናሹ መሬት መሬት እያየ ሰማው። ከዚያ ተነሥቶ ፒካፗ ጀርባ ሄደ፤ የጭነት መዝጊያዋን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ግንባሩን ብረቱ ላይ ደፍቶ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰ።

ሰፊዋ ሲረጋጋ ጠብቃ ውኃ ይዛለት ሄደች። ብርጭቆውን በሁለት እጁ፣ ዝቅ ብሎ ተቀበላት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎም ትንሽ ይረፉ፤ ብዙ ደክመዋል።»

በሕይወቱ እርስዎ ብሏት አያውቅም። አክብሮት መሆኑን ሰው ይመሰክራል፤ እሷ ግን በር ሲዘጋ ነው የሰማችው።

«አንቺ በለኝ እንጂ» አለችው። «በድዬሃለሁ፤ አውቃለሁ። ብቻ አንቺ በለኝ።»

«ቂም የለኝም። እውነቴን ነው። አፌ ነው እምቢ ያለኝ።»

ፒካፗን ውሰዳት አለችው፤ አልወስድም አለ። ገዢ ፈልጎ አትክልት ለሚያመላልስ ሰው አሻሻጠላትና ወደ ሥራው ተመለሰ። አልፎ አልፎ ይደውላል፤ «ጤናዎት እንዴት ነው? ወገብዎትን አሁንም ያምዎታል?» ይላታል። እሷም እንደ ዘመድ ሽማግሌ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» እያለች ትመልሳለች።

ከዓመታት በኋላ በዚያው በሩቁ ከተማ ሌላ ሴት አገባ። ሰፊዋን ጠራት፤ ሙሽሪትን ይዞ መጥቶ ጉልበቷን ሳመ፣ በእናቱ ቦታም አስቀመጣት። ወንበሩ ትልቅና ለስላሳ ነበር። ሰዎች እየመጡ እንኳን ደስ ያለዎት አሏት፤ አሜን፣ አሜን አለች። የሙሽሪት ልብስ ጫፉ በደንብ እንዳልተቀመቀመ ዓይኗ አይቶ ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም።

ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ከጎኗ የተቀመጠች ሴት፣ «ለሰርግ ነበር የመጡት? ሙሽራው ምንዎ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«አሳድጌው ነበር» አለች ሰፊዋ።

ሴትዮዋ ሌላም ልትጠይቅ ፈልጋ ነበር፤ ፊቷን አየችና ተወችው።